ወፍራሙ ክር

ወንድሜ ጊታር ጠጋኝ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ሥራ ሆኖ?» የሚል ፊት ያሳየኛል። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ «ሚኒስትር ነው ብልህ ደስ ይልህ ነበር?» ብዬ አፉን አስይዘዋለሁ። ሥራ ነው እንጂ! ሃያ ዓመት ሙሉ በቤታችን የፊት ክፍል፣ እሱ በመስኮቱ በኩል እኔ በበሩ በኩል ተቀምጠን፣ እሱ ጊታር እኔ ልብስ እየጠገንን ኑሯችንን ገፍተንበታል።

ጠረጴዛችን አንድ ነው። በእሱ ወገን ሞረድ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የሙጫ ቆርቆሮ፤ በእኔ ወገን መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔና የአዝራር ጣሳ። የእሱ የብረት ብናኝ ወደ እኔ ነጭ ጨርቅ ሲሻገር እጮሃለሁ፤ የእኔ ክር ትርፍራፊ ሙጫው ላይ ሲለጠፍበት ደግሞ እሱ ቀና ብሎ ያየኝና ወደ ሥራው ይመለሳል። አባታችን ሞቶ፣ እናታችንም ብዙ ሳትቆይ ስትከተለው፣ ገና ጺሙ በቅጡ ሳይወጣ የቤቱ አባወራ የሆነው እሱ ነው። የአባታችንን የተሰነጠቀ ጊታር ሙጫ ቀብቶ አስነሳው፤ ያየ ሰው የራሱን አመጣለት፤ ሌላው ደግሞ ሌላ አመጣ፤ በዚያው ሥራው ሆኖ ቀረ።

እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሰፈሩ ግን «ቀስ በል» ይለዋል፤ ይህን ስም ያወጣለት የራሱ አፍ ነው። ሰው በሩን ሳይዘጋ ገብቶ «ወፍራም ክር አድርግልኝ፣ ድምፁ እንዲጎላ እፈልጋለሁ» ሲለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና ስብከቱን ይጀምራል።

«ቀስ በል» ይላል። «ቀጭኑ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ከዚያ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት እያለ ይወፍራል። ስድስቱ ክር ተወጥሮ ሲቀመጥ፣ አንድ ጎረምሳ የጊታሩን አንገት ይዞ እንደተንጠለጠለ ቁጠረው። ክሩን ስታወፍረው ጎረምሳው ይከብዳል። አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ከጣትህ ይርቃል፣ ክሮቹን ከታች የያዘው ድልድይም ከኋላ ያለውን ሞላ አሸንፎ ብድግ ይላል። ቅኝቱን ዝቅ ካደረግኸው ግን ውጥረቱ ይላላል፣ ጎረምሳው ይቀልለታል፤ ያኔ ጊታሩ ወፍራም ክር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ንገረኝ፤ በየትኛው ቅኝት ነው የምትጫወተው?»

ይህን ስብከት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። በእንቅልፌም ልወጣው እችላለሁ። ደግሞ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የስፌት መኪናም እንዲሁ ነው። ወፍራም ክር አስገብተሽ መርፌውንና ውጥረቱን ካልቀየርሽ ጨርቁ ተሸብሽቦ ይመጣል። ዘፈኑ ነው እንጂ የማይገባኝ። ለእኔ የበር ደወልና የዘፈን መግቢያ አንድ ነው። እግዜር ጆሮ ሲያድል ቤታችን ገብቶ ለሁለቱ ወንዶች ሰጥቶ፣ እኔን «አንቺ ምላስ ይበቃሻል» ብሎኝ ወጥቷል።

ሁለተኛው ወንድ ማሙሽ ነው፤ የሁላችን ታናሽ። ሰላሳ ዓመት አልፎት፣ ጢም አሳድጎ፣ ሽቶ ተቀብቶ ሲወጣም ለእኛ ማሙሽ ነው። ያሳደግነው እኛው ነን። ዘፋኝ ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ይዘፍናል፤ ጋሼ ጊታር ይይዝለታል፤ ሌላ ሁለት ሰው ባስና ኪቦርድ ይጫወታል። ማሙሽ ስለ ድምፁ ሲያወራ ልጅ የወለደ ይመስላል። «እትዬ፣ እኩዮቼ ሁሉ ዘፈናቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚዘፍኑት፤ እኔ ግን በጀመርኩበት ከፍታ ነው እስከ ዛሬ!» ይለኛል። እኔም «ጎበዝ፣ አሁን ሳህንህን እጠብ» እለዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሲል ደስ ይለኝ ነበር። ያ ድምፅ ለእሱ ሥራውም፣ ኩራቱም፣ ከአልጋ የሚያስነሳውም ነገር ነበር። ሌላ ምንም ሙያ የለው፤ ሚስማር እንኳ መምታት አያውቅም።

ጉዱ የጀመረው ጋሼ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጥቶ የወደቀ ዕለት ነው። «መሰላሉን አምጣ» እያልኩት! አልሰማም፤ ወደቀ፣ የግራ እጁ አንጓ ተሰነጠቀና በጀሶ ታሰረ። ለእሁዱ ዝግጅት የእሱን ቦታ እንዲይዝ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ለመነው። ፀጉር አስተካካዩ ደህና ጊታር ይጫወታል፤ አፉ ነው እንጂ የማያርፈው። እሁድ ጠዋት ጋሼ ጣቶቹ አብጠውበት ጀሶውን ሊያሳይ ክሊኒክ ሲሄድ፣ «ፀጉር አስተካካዩ ቢመጣ አስጠብቂው፣ ጊታሩን እኔው ነኝ የማስረክበው» ብሎኝ ወጣ። እሺ አልኩ። ግን ያ ሰውዬ ተጠብቆ ያውቃል?

ገባ። ሰላም ሳይለኝ ጊታሩን ከመስቀያው አወረደ። እኔ የማሙሽን ሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ፣ አፌ በስፒል ተሞልቶ፣ በዓይኔ ብቻ «አስቀምጥ» አልኩት። አልገባውም፣ ወይም እንዳልገባው ሆነ። ከኪሱ ትንሿን የመቃኛ መሣሪያ አውጥቶ ጊታሩ ጭንቅላት ላይ ሰካትና አንድ ክር መታ።

«ውይ! ይሄ ነገር ታሟል እንዴ? ሁሉም ክር እኮ ወርዷል!» አለ። «‹ቀስ በል› እጁን ሲሰበር ጆሮውም አብሮ ተሰበረ?»

ቁልፎቹን ማጥበቅ ጀመረ። ክሮቹ እያቃሰቱ ያሉ ይመስል ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ያወጣሉ። እያጠበቀ፣ እየመታ፣ እያጠበቀ። ድንገት ከታች ድልድዩ ብድግ ማለት ጀመረ፤ ክሮቹም ከአንገቱ ላይ ተነሥተው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሠሩ። ከዚያ «ጧ!» አለ። አንዱ ክር ተበጥሶ በጆሮዬ ስር አለፈ። ስፒሉን ልውጠው ምንም አልቀረኝም።

«እህቴ፣ እኔ ምንም አላደረግኩም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጊታሩን እንደሚፈላ ድስት ከራሱ አርቆ ይዞ። «ወደ መደበኛው ቅኝት ነው የመለስኩት! መደበኛው! ማንም የሚያውቀው!»

«ስንት ወርዶ ነበር?» አልኩት ስፒሎቹን መዳፌ ላይ ተፍቼ።

«አንድ ቶን ተኩል፣ ሦስት የድምፅ እርከን! ደግሞ እኮ ስድስቱም እኩል ነው የወረዱት። ክር በራሱ ጊዜ እንዲህ ተስማምቶ አይወርድም። እዪ እስቲ ውፍረቱን፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ነው። ይህን በመደበኛ ቅኝት ከሚጫወት ሰው ጋር እኔ አልጣላም፣ ጣቱ ብረት ነው።»

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ዘፈን ባይገባኝም ስብከቱ ይገባኛላ! ጊታሩ ተበላሽቶ አልወረደም። አንድ ሰው ሆን ብሎ አውርዶታል፤ ከዚያ ክሩን አወፍሮ፣ አንገቱንና ሞላውን ለዚያ ዝቅታ አስተካክሎታል። ያ ሰው ደግሞ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነው ይህን ሁሉ የሠራው። ለምን ብሎ?

«አንድ ቶን ተኩል መውረድ ለዘፋኝ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላቱን አከከ። «ምን ልበልሽ… ላይኛው መደርደሪያ ላይ መድረስ ያቃተውን ሰው፣ መደርደሪያውን ነቅለው ዝቅ አድርገው መትተው ‹ይኸው ደረስክ› እንደማለት ነው።»

ይህን ሲል ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። ጀሶውን በደረቱ አቅፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጊታር አየ፣ የተበጠሰውን ክር አየ፣ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ወንድሜን ሲወድቅም አይቼዋለሁ፣ እናታችንን ስንቀብርም አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አይቼበት አላውቅም።

«ማን ነካው?» አለ።

«እኔ ሄድኩ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ምንም አልሰማሁም፣ ምንም አላየሁም፣ ሱቄንም ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።» ወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሳይጨምር ወጣ።

በሩን ዘጋሁት። «ተናገር» አልኩት።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። «የዛሬ ሦስት ዓመት ነው» አለ። «ልምምድ ላይ ማሙሽ ዘፈኑ ከፍ የሚልባት ቦታ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም፣ ጉንፋን ነው ብሎሽ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አላስቻለኝም። ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጌ ቃኘሁለት። ለባሱም ነገርኩት፤ ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ሲጫን በራሱ ዝቅ ይላል። በሚቀጥለው እሁድ ማሙሽ ያቺን ቦታ እንደ ድሮው ደረሰባት፣ ከመድረክ ወርዶም አቀፈኝ።»

«እና አልነቃም? ጆሮው እሳት ነው ትሉ የለ?»

«ከፍታውንማ በምን ያውቃል? የሚነሳው ከእኔ ጊታር ነው። ክሩ ሲላላ የሚያወጣው ድምፅ ነው የሚያሳብቅብኝ፤ ይዝረከረካል። ለዚህ ነው ዘጠኙን አውጥቼ አሥር ቁጥር ያስገባሁት። ከላይ ክሩ የሚያርፍበትን አጥንት በሞረድ አሰፋሁ፣ የአንገቱን ብረት ነካሁ፣ ሞላውን አስተካከልኩ። ልክ እንደ ድሮው ጠበቅ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ እንደገና አቃተው፤ አሥራ አንድ ቁጥር አደረግኩ። በቅርቡ ደግሞ…»

«አሥራ ሁለት» አልኩ።

«አሥራ ሁለት።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ! እዚሁ፣ ከእኔ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ! እኔ «ብናኝህን ሰብስብ» ስለው፣ ያ ብናኝ የማሙሽ ድምፅ ሲወርድ የተሞረደ አጥንት ነበር ማለት ነው። ደሜ ፈላ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ግን፣ በስድቡ መሃል፣ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና አፌ ተከፍቶ ቀረ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ስንት ጊዜ ተራራቁ?»

«ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።»

«የመጨረሻውስ?»

የተበጠሰውን ክር ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። «በቅርቡ» ስላለኝ ወራት ብቻ እንደሆኑ እኔው አሰብኩት። ሰላሳ ዓመት አልፎት አርባ ያልሞላ ሰው ድምፁ እንዲህ እየተቻኮለ የሚወርደው ምን ሆኖ ነው? ጠዋት ጠዋት ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማለሁ። ስልክ ሲያነሳ ሰዎች ትልቁ ወንድም እየመሰላቸው «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» ይሉታል፤ እኛም እንስቅበታለን። ከዚያ ልቤ ድቅ አለ።

«ሐኪም አይቶታል?» አልኩ።

«ምን ብሎ ይሂድ?» አለ ጋሼ። «እሱ እኮ ምንም እንዳልሆነ ነው የሚያውቀው።»

እስቲ አስቡት! ልጁ በየሳምንቱ ያቺን ከፍታ ይደርስባታል፣ ሰው ያጨበጭብለታል፤ ጤነኛ ነኝ ቢል ምን ይፈረድበታል? ማስረጃውን የሠራለት የገዛ ወንድሙ ነው፤ በሞረድና በካቻቢቴ፣ አሳምሮ።

የዚያን ዕለት ዝግጅት ጊታሩ ተበላሽቷል አልንና ቀረ። ማሙሽን በነጋታው «ጉሮሮህን ታይ፣ ስትጠርገው እንቅልፍ አሳጣኸኝ» ብዬ እየነጨነጭኩ ወደ ሆስፒታል ጎተትኩት። ጋሼም አብሮ መጣ። መንገድ ላይ በጤናማው እጁ ክንዴን ይዞ፣ «እባክሽ አንቺ እንዳትነግሪው፤ ሐኪም ካየው ይበቃል» አለኝ። እኔም ልቤ ራርቶ እሺ አልኩ።

ሐኪሟ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ማሙሽን አፉን አስከፍታ በመብራት አየች፣ አንገቱን ዳሰሰች፣ ጠየቀችው።

«ለመዋጥ ይቸግርሃል?»

«አይ።»

«ድምፅህ ላይ ለውጥ አለ?»

ማሙሽ ሳቀ። ያን ሳቁን መቼም አልረሳውም። «ዶክተር፣ እኔ ዘፋኝ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከጀመርኩበት ከፍታ ግማሽ ቶን እንኳ አልወረድኩም። ከፈለጉ እሁድ መጥተው ይስሙኝ!»

«እንዲህ ከሆነማ ደስ ይላል» አለች። ጻፈች። «ጉሮሮህ ትንሽ ተቆጥቷል። መድኃኒት አዝልሃለሁ፣ ሙቅ ነገር ጠጣ። ካልተሻለህ ትመለሳለህ።»

አበቃ! በቃ! ወረቀቱን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። ጋሼን አየሁት፤ ጀሶውን እያየ ነው። በክርኔ ጎሸምኩት። አልተነቃነቀም። ደግሜ በደንብ ጎሸምኩት። ማሙሽ ወረቀቱን ሊቀበል ተነሣ።

«ወርዷል» አለ ጋሼ።

ሐኪሟ ቀና አለች። «ምኑ ነው የወረደው?»

«ድምፁ። አንድ ቶን ተኩል። እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

«እርስዎ? የሰው ድምፅ?» አለች፤ እያሾፈ መሰላት።

«ጊታሩን። እየወረደ ሲሄድ ቅኝቱን አብሬው አወረድኩ። እሱ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው ከሁለተኛው የራቀው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ክሩን እያወፈርኩ እንዳይሰማው አደረግኩት።»

ማሙሽ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ዓይኔን አላነሣሁም። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ። ወረቀቱን እንደያዘ ነው። እኔ በሕይወቴ ሰው በጥፊ ሲመታ አይቻለሁ፤ ያን ያህል የሚደነግጥ ግን አላየሁም። ሐኪሟ ወረቀቱን ከእጁ ላይ ቀስ ብላ ወሰደችና ለሁለት ቀደደችው። ፈገግታዋ ጠፍቷል። በአፍንጫ የምትገባውን ቀጭን ካሜራ እንዲያመጡላት ጠራች።

የታየው ነገር ዕጢ ነው። በአንደኛው የድምፅ ገመድ ላይ ተቀምጦ እየከበደው ነበር። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ መጣ፤ ክፉው ዓይነት ሆነ። ቶሎ ተቆርጦ ከወጣ ሕይወቱ ይተርፋል አሉን፣ ገመዱ ግን አብሮ ይወጣል፤ መናገር ይችል ይሆናል፣ መዝፈን ግን አበቃለት። ጋሼ «ያኔ፣ መጀመሪያ ግማሽ ቶን ሲወርድ ብንመጣ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሟ መልሱን ትታ የኦፕራሲዮኑን ቀን ነገረችን።

ማሙሽ ጋሼን ማናገር ተወ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ጨው የሚጠይቀው በእኔ በኩል ነው። እኔም ማንን እንደምሳደብ ግራ ገባኝ። አንዱን ሳየው ያናድደኛል፣ ወዲያው አንጀቴን ይበላኛል፤ ሌላውን ሳየው መናደዱን ትቼ አለቅሳለሁ።

የኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ከሰዓት ማሙሽ ወደ ፊት ክፍል መጣ። ጊታሩን ከመስቀያው አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ዘጠኝ ቁጥር ክር ስጠኝ» አለ። ለጋሼ ነው ያለው። ከሆስፒታሉ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ጋሼ አንድ እጁ በጀሶ ነው፤ ስለዚህ ሦስታችን ሠራነው። ጋሼ እየነገረው ማሙሽ ወፍራሞቹን ክሮች ፈታ፤ እኔ በፒንሳ ቆረጥኩ። ቀጫጭኖቹ ሲገቡ አጥንቱ ላይ ያለው ቦይ ሰፍቶባቸው ይንቀጠቀጣሉ። «ግድ የለም፣ ለዛሬ ይይዛል» አለ ጋሼ። ማሙሽ ቁልፎቹን እያጠበቀ ወደ መደበኛው ቅኝት፣ እሱ ወደጀመረበት ቅኝት አመጣቸው። ከዚያ የዚያችን ከፍ የምትል ቦታ ድምፅ በአንድ ክር ላይ መትቶ አፉን ከፈተ።

ተሰነጠቀ። እኔ እንኳ፣ ጆሮ የሌለኝ፣ መሰነጠቁን ሰማሁ። ደገመ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ግማሽ ቶን አወረደና ሞከረ፤ እንቢ። ደግሞ አወረደ፤ እንቢ። አንድ ቶን ተኩል ሲያወርደው ከብዙ ትግል በኋላ እንደምንም ያዛት። ግን ያ ቀጭን ክር ላልቶ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ «ዝርርር» ይላል፣ ያስጠላል። ማሙሽ ክሩን በጣቱ እየነካ ቆየ።

«ወፍራሙን ያደረግከው ይሄ እንዳይሰማኝ ነው?»

«አዎ» አለ ጋሼ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አታምነኝም ብዬ ነው» አለ ጋሼ። «ትጠላኛለህ ብዬ። ካንተ ድምፅህን ብወስድብህ ምን ይተርፍሃል ብዬ ፈራሁ።»

ማሙሽ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ወደ ጋሼ ሄዶ፣ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው እግሩ ስር ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱ ላይ ተደገፈ።

«ጋሼ» አለው፣ «ያጨበጨበልኝን ሰው ሁሉ ጠራጥሬ አውቃለሁ። አንድ ቀን ‹ድምፅህ ወርዷል› ብትለኝ ግን፣ አንተን ነበር የማምነው።»

ጋሼ በጀሶው ፊቱን ሸፈነ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ እዚያ መቆም አልቻልኩም።

ማሙሽ በራሱ ድምፅ የተናገረው የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ጠዋት ወሰዱት። ዛሬ በሕይወት አለ፣ ይመስገን። ይበላል፣ ይስቃል፣ በሳህን እጥበት ከእኔ ጋር ይጣላል፤ ሁሉንም በሹክሹክታ ነው። የፊት ክፍል ገብቶ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ጋሼ ሞረዱን አስቀምጦ ለደንበኛው «ዝም በል» ብሎ፣ የእኔንም የስፌት መኪና በእጁ ያስቆማል።